የሰለጠነ ውሻን በጎንደር ያለ ማሰሪያ እንዴት ማንሸራሸር ይቻላል?

ጎንደር ውስጥ ያልታሰረ ውሻ ብርቅ አይደለም፤ ፒያሳ ስጋ ቤት በር ላይ የሚተኛውም፣ አዘዞ መንገድ ዳር የሚጮኸውም ማንም አላሰረውም። ብርቁ ሲጠሩት የሚመጣ ውሻ ነው። የእርስዎ ይመጣ ይሆናል፤ የሰፈሩ ውሾች ግን አልሰለጠኑም። ስለዚህ ግማሹ ሥራ የሚወድቀው እርስዎ ላይ ነው።

ማሰሪያው ከመፈታቱ በፊት «ና» የሚለው ትእዛዝ በደንብ መለመድ አለበት። ግቢ ውስጥ ይጀምሩ። አንድ ጊዜ ብቻ ይጥሩ፤ ሲመጣ የተቀቀለ ጉበት ቁራጭ ይስጡት። «ና፣ ና፣ ና» እያሉ መደጋገም የመጀመሪያውን ጥሪ ችላ እንዲል ማስተማር ነው። ዘግይቶ ቢመጣም አይቆጡት፤ በመምጣቱ የተቀጣ ውሻ ሌላ ቀን አይመጣም። ቀጥሎ 10 ሜትር ያህል ገመድ አስረው ሰው ወደማይበዛበት ገላጣ ቦታ፣ ለምሳሌ ወደ ጎሃ ተራራ ወገን ይውሰዱት። ገመዱን መሬት ላይ እየጎተተ ይሂድ፤ ውሻው ካልሰማ ገመዱን ይረግጡታል። ሌላ ውሻ እየጮኸበት፣ በግ ፊቱ እያለፈ፣ በአንድ ጥሪ ዞሮ ሲመጣ ያን ጊዜ ይፍቱት። ከዚያ በፊት «የኔ ልጅ ጨዋ ነው» ማለት ምኞት ነው።

«ተው» የሚለውም እኩል ያስፈልጋል። በከተሞቻችን ባለቤት አልባ ውሾችን ለመቀነስ መርዝ የተነከረ ስጋ የሚጣልበት ጊዜ ስላለ፣ መሬት ላይ ያገኘውን የሚያነሳ ውሻ መፈታት የለበትም።

ክትባቱን አይርሱ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ3 ወር እድሜ ገደማ ተጀምሮ በሐኪሙ ቀጠሮ ይደገማል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ስለሚያስተምር ሐኪም ፍለጋ ከከተማው መውጣት አያስፈልግም።

ሰዓት መምረጥ መንገድ ከመምረጥ ይበልጣል። ሌሊት የተለቀቁ የግቢ ውሾች ጎህ ሲቀድ ገና ወደየቤታቸው አልገቡም፤ በቡድን ናቸው፣ ጅብ ሲያባርሩ ያደሩትም ግለታቸው አልበረደም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ፣ ተማሪው ትምህርት ቤት ገብቶ፣ በየበሩ ያሉት ውሾች ፀሐይ ላይ ሲጋደሙ ይሻላል። ቅዳሜ ወደ ገበያ በሚያስገቡት መንገዶች ላይ ግን በምንም ሰዓት አይፍቱት፤ በግና አህያ የሚነዳ ገበሬ ከውሻዎ ጋር የሚተዋወቅበት ጊዜ የለውም። በዐቢይ ጾምም ይጠንቀቁ፤ ብዙዎቹ ስጋ ቤቶች ሲዘጉ ከእነሱ ትርፍራፊ የሚኖሩት ውሾች ይርባቸዋል፣ ይነጫነጫሉም።

የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሲቃረቡ ሁልጊዜ ያስሩ። ውሻ ቅጥሩ ውስጥ መግባቱ ነውር ነው፤ ቅዳሴ የሚያስቀድሱ እናቶችም ነጠላቸው እንዲሸተት አይፈልጉም። ወደ መስጊድ የሚሄድ ሰው የውሻ ምራቅ ከነካው መታጠብ አለበትና ለእሱም መንገድ ይልቀቁ። ልጅ ከእናቱ ኋላ ሲሸሸግ ካዩ «አይናከስም» ማለቱን ይተዉት፤ ማንንም አያረጋጋም። «እማማ፣ ይኸው አስሬዋለሁ» ብሎ ማለፍ ይቀላል።

አሁን ወደ ውሾቹ። «ውሻ በበላበት ይጮሃል» ይባላልና በር ላይ የቆመውን ውሻ በሩን ለቆ ሳይወጣ አያስተዋውቁ። ወደ ማዶ ተሻግረው ይለፉ፤ ሲያልፉ ዝም ይላል። መተዋወቅ የሚሻለው የማንም ባልሆነ ቦታ፣ ለምሳሌ ቀሃ ወንዝ ዳር ነው። ውሻ ለውሻ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ መምጣት እንደ ጠብ ይቆጠራል። ስለዚህ ሌላውን ከሩቅ ሲያዩ የራስዎን ይጥሩና ግማሽ ክብ ሠርተው በጎን ይቅረቡ። ከኋላ ሲሸታተቱ በልብዎ እስከ 3 ይቁጠሩ፣ ከዚያ «ና» ብለው ይራመዱ። መለያየቱን ተለማምዶ ተመልሶ መሽተት ይችላል።

ዓይንዎን ከጭራው ላይ ብቻ አይትከሉ። ወገቡ ጭምር እየተወዛወዘ፣ አፉ ላላ ብሎ የሚመጣው ሰላማዊ ነው። ጭራው ወደ ላይ ደርቆ ጫፉ ብቻ ሲንቀጠቀጥ፣ የጀርባው ጸጉር ሲቆም፣ ዓይኑም ሳይርገበገብ ሲፈጥ መተዋወቁ ይቅር። ሌላው ውሻ ታስሮ ከሆነ የእርስዎንም ያስሩ፤ የታሰረው መሸሽ እንደማይችል ስለሚያውቅ ቀድሞ ይነክሳል። ብቻውን የሚሸሽ ውሻ ሦስት ሲሆኑ ይደፍራል፤ ቡድን ሲመጣ የራስዎን ከኋላዎ አድርገው ሳይሮጡ ያፈግፍጉ። ድንጋይ የሚያነሱ መስለው ጎንበስ ማለት ብዙውን ይመልሳል፤ መወርወሩ ግን የእርስዎንም ውሻ ያስቆጣል፣ አላፊ አግዳሚውንም ይመታል።

ሴት ውሻ ካለችዎት ወንድ በምትፈልግበት ወቅት፣ ይኸውም 3 ሳምንት ገደማ፣ ከማሰሪያ አትለቀቅ። ያኔ የሰፈሩ ወንዶች ሁሉ በር ላይ ያድራሉ።

ጠብ ከተነሳ እጅዎን መሃል አያስገቡ። ውሃ ይድፉባቸው ወይም ጃኬት ጣል ያድርጉባቸው፤ ሲላቀቁ የራስዎን ይዘው ይሂዱ። ሰው ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ አጥበው፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ያድርሱት። ምልክቱ ከታየ በኋላ የእብድ ውሻ በሽታ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። የነከሰው ውሻ ባለቤት ካለው ታስሮ 10 ቀን ይታይ፤ የተነከሰው ሰው ክትባት ግን ያን 10 ቀን አይጠብቅም። የእርስዎ ውሻ ከተነከሰም፣ ቀድሞ ቢከተብ እንኳ፣ ሐኪም ዘንድ ወስደው ክትባቱን ያስደግሙለት።