በርቀት በሚሰጥ ፈተና ቁጥጥር ላይ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ከቤት ሆኖ የሚወሰድ የዩኒቨርሲቲ ፈተናን ከኩረጃ ለመጠበቅ የተማሪውን ካሜራ፣ ማይክሮፎንና ስክሪን የሚከታተል ሶፍትዌር መጠቀም ከተለመደ ቆይቷል፤ ሆኖም በአጠቃቀሙ ላይ የሚፈጸሙ ስህተቶች ኮራጁን ሳይዙ ንጹሑን ተማሪ ይጎዳሉ።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ሶፍትዌሩ የሚሰጠውን የጥርጣሬ ምልክት እንደ ጥፋት ማስረጃ መቁጠር ነው። አንዲት ተማሪ በልቧ እያሰላች ዓይኗን ወደ ጣሪያው ብታነሳ፣ ወይም ታናሽ ወንድሟ በሩን ገፋ አድርጎ አይቷት ቢመለስ፣ ሶፍትዌሩ ሁለቱንም አጠራጣሪ ብሎ ይመዘግባል፤ የሆነውን ነገር የሚለየው ቪዲዮውን ከፍቶ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን ጭምር የሚያይ መምህር ነው። ፕሮክተርዩ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. በሰው ሠራሽ አስተውሎት ብቻ የሚሠራ ቁጥጥር መሸጥ እንደሚያቆም ያስታወቀውም ብዙ ተቋማት ምልክቶቹን እንደማያጣሩ በመገንዘቡ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ሶፍትዌሩን በጠቆረ ፊትና በደከመ ብርሃን ሳይሞክሩ ሥራ ላይ ማዋል ነው፤ ይህ ለእኛ ተማሪዎች ሩቅ ጉዳይ አይደለም። በአምስተርዳም አንዲት ጥቁር ተማሪ ሶፍትዌሩ ፊቷን ስለማያገኝ መብራት ፊቷ ላይ እያበራች ትፈተን ነበር። የኔዘርላንድስ የሰብአዊ መብት ተቋም በ2023 በሶፍትዌሩ አድልዎ መፈጸሙ አልተረጋገጠም ቢልም፣ ዓይን የሚወጋ መብራት ፊት ለፊት አስቀምጦ መፈተን በራሱ በደል ነው።

መኝታ ክፍልን በካሜራ አዙሮ ማሳየትን ማስገደድም አይገባም። የኦሃዮው ክሊቭላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስደረገውን፣ ከአንድ ደቂቃ ያልበለጠ እንዲህ ያለ ፍተሻ የፌዴራል ፍርድ ቤት በ2022 ሕገ መንግሥቱን የጣሰ ነው ብሎታል። ጥቅሙም አነስተኛ ነው፤ ከፍተሻው በኋላ ደብተሩን መልሶ ማምጣት የሚከለክል የለም።

ካሜራው ከስክሪኑ ጀርባ የተደገፈችውን ስልክም አያይም። ስለዚህ ሽምደዳን ብቻ የሚለኩ ጥያቄዎችን ለሁሉም አንድ አድርጎ ማቅረብ ኩረጃን መጋበዝ ነው፤ በጥያቄው ውስጥ ለየተማሪው የተለያየ አኃዝ መስጠትና ከፈተናው በኋላ የአሥር ደቂቃ የቃል ጥያቄ ማድረግ ከካሜራው የበለጠ ይሠራል።

በመጨረሻም መብራት ወይም ኔትወርክ ቢቋረጥ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ በጽሑፍ አለማሳወቅ ቀላል ስህተት አይደለም። ተማሪው የሚደውልበት ስልክ ቁጥር፣ የተመለሱት ጥያቄዎች እንደተቀመጡ የሚያረጋግጥበት መንገድና የሚካካስለት ጊዜ ከፈተናው ቀን በፊት፣ በልምምድ ፈተና ጭምር ተሞክረው ሊታወቁ ይገባል።