ከጦርነት የተመለሰን ወታደርና ቤተሰቡን ለሚያማክሩ ባለሙያዎች

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት ባለጉዳዩ በየትኛው ዘመን እንዳገለገለ ነው። በ1983 ዓ.ም. የተበተነው የደርግ ሠራዊት አባል፣ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት የተዋጋው፣ እንዲሁም በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት በተፈረመበት የሰሜኑ ጦርነት በአንዱ ወይም በሌላው ወገን የተሰለፈው፣ ከሕዝቡ ያገኙት አቀባበል እጅግ የተለያየ በመሆኑ፣ ለአንዱ የቀረበ ምስጋና ለሌላው ስላቅ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ በማዕረጉ ወይም በአንቱታ ይጥሩት፤ ራሱ እስኪያነሳው ድረስም የውጊያውን ዝርዝር አይጠይቁት። የሚናገረው ወደ ቀበሌም ሆነ ወደ ቀድሞ የጦር ክፍሉ እንደማይደርስ፣ ምስጢር የማይጠበቅበት ሁኔታ ካለም ምን እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ይንገሩት።

ብዙ ወታደሮች ከፍርሃትና ከሐዘን ይልቅ ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ጨጓራና ስለ እንቅልፍ ማጣት መናገር ይቀላቸዋል። ከዚያው ይጀምሩ፤ «እንቅልፍ እምቢ ሲልዎት ሌሊቱን በምን ያሳልፋሉ?» የሚለው ጥያቄ ስለ ቅዠቱም ስለ አረቄውም ያስወራል። ራስን ስለ ማጥፋት ሐሳብ ግን ዙሪያ ጥምጥም ሳይሄዱ በቀጥታ ይጠይቁ፤ ቤት ውስጥ የጦር መሣሪያ ካለም ሌላ ቦታ እንዲቀመጥ ከቤተሰቡ ጋር ይስማሙ። ጠበል የሚጠመቅ ከሆነ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንዲቀጥል ከንስሐ አባቱ ጋር መነጋገር፣ ጠበሉን ከመንቀፍ እጅግ ይሻላል። ሰው በመግደሉ የሚጸጸተውንም «ግዳጅ ነበር» ብሎ ለማጽናናት መቸኮል አፉን ከማስያዝ ያለፈ ፋይዳ የለውም።

ሚስቱን ለብቻዋ ያነጋግሩ፤ በባሏ ፊት የቤቷን ገመና ማውጣት ይከብዳታል።

እጅግ ከባዱ ግን የልጁ መሞትም መኖርም ያልተነገረው ቤተሰብ ነው። መርዶ ያልደረሰው ሰው ለቅሶ አይቀመጥም፣ ክርስቲያን ከሆነም ተዝካር አያወጣም። በትግራይ ብዙ ቤተሰቦች በይፋ መርዶ የተነገራቸው በጥቅምት 2016 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ ከቆመ አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ ነበር። መርዶው እስኪደርስ ድረስ እናቲቱን «ሞቷልና ይቀበሉት» ማለት የአማካሪው ድርሻ አይደለም፤ ተስፋዋንም ሥጋቷንም ሳያርሙ ይስሟት። መርዶው የሚነገርበት ቀን ከታወቀ ዘመዶችና የእድር ሰዎች እንዲገኙ፣ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ካለም የጤና ባለሙያ በቅርብ እንዲኖር አስቀድመው ያመቻቹ። ለቀጣዩ ጉብኝት ቀጠሮ የሚይዙት ግን ለቅሶ ደራሹ ከተበተነ በኋላ ይሁን፤ ቤተሰቡ ብቻውን የሚቀረው ያን ጊዜ ነው።