ቤትን ከብርሃንና ከግቢ ጋር ሲያገናኙ የሚሠሩ ስህተቶች

ዘመናዊ ቤት ሲባል ብዙዎች የሚታያቸው ከወለል እስከ ጣሪያ የደረሰ መስታወት ነው። ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። አርክቴክቱ ሚስ ቫን ደር ሮኸ የነደፈው የፋርንስዎርዝ ቤት እ.ኤ.አ. በ1951 ኢሊኖይ ውስጥ ተሠርቶ ሲያልቅ አራቱም ጎኑ መስታወት ነበር። ዛፉና ወንዙ ሳሎን የገቡ ይመስላል። ባለቤቷ ግን በሙቀቱ ወራት ታፈነችበት፤ በብርዱ ደግሞ መስታወቱ በእንፋሎት ይሸፈን ነበር። ከበሩ ሌላ የሚከፈቱት ሁለት ትንንሽ መስኮቶች ብቻ ናቸው። ንድፉን አደንቃለሁ፤ ልኖርበት ግን አልመኝም።

አቅጣጫን መርሳት ከዚህ አይተናነስም። የቀትር ፀሐይን የጣሪያ ታዛ ይመልሳታል። የጠዋትና የማታ ፀሐይ ግን ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ከታዛው ሥር ሾልካ ትገባለች። በተለይ የምዕራቡ ጎን አስቸጋሪ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሞቀው ቤት ላይ ሌላ ሙቀት ይጨመርበታል። እዚያ ሰፊ መስታወት የግድ ካስፈለገ ዛፍ ወይም ቁም የእንጨት ከለላ ከውጭ ይቅደመው። «መጋረጃ እሰቅላለሁ» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰማል። መጋረጃ ዓይንን ከጨረር ያሳርፋል እንጂ ፀሐይዋ አንዴ መስታወቱን ካለፈች አብዛኛው ሙቀት ገብቷል።

መስኮትን ከማስፋት ይልቅ አናቱን ከፍ ማድረግ የተሻለ ነው። በግምት፣ የቀን ብርሃን በደንብ የሚዘልቀው የመስኮቱን አናት ከፍታ ሁለት እጥፍ ያህል ነው፤ አናቱ 2.4 ሜትር ላይ ከሆነ 5 ሜትር ገደማ ማለት ነው። ከጉልበት በታች ያለው መስታወት ግቢውን ያሳይ ይሆናል እንጂ የክፍሉን ውስጠኛ ጥግ አያበራም። ብርሃኑ ከአንድ ጎን ብቻ ሲገባ ደግሞ መስኮቱ ዓይን ይወጋል፣ ተቃራኒው ግድግዳ ይጨልማል። በሌላ ጎን አንዲት ትንሽ መስኮት ብትከፈት ሁለቱም ይቃለላሉ።

የመስኮት ፍሬም አግዳሚ ከወለል 1.2 ሜትር አካባቢ ከዋለ የተቀመጠ ሰው ዓይን ላይ ነው፤ እይታውን ለሁለት ይቆርጠዋል።

የሳሎኑንና የበረንዳውን ወለል አንድ ማድረግ ሁለቱን በደንብ ያዋህዳል። አርክቴክቱ ፍራንክ ሎይድ ራይት በፎሊንግዋተር ቤት ያንኑ ንጣፍ ድንጋይ ከውስጥ ወደ ውጭ አሻግሮታል። ስህተቱ ደፉን አንስቶ ውሃውን መርሳት ነው። በረንዳው በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ያዘንብል፣ በሩ ሥርም ቦይ ይኑር። የውጪው ድንጋይ አይለስልስ፤ ሲረጥብ ያንሸራትታል።

ግቢውን ለመጨረሻ ማቆየትም አለ። ቤቱ እስኪያልቅ ትልልቆቹ ዛፎች ይቆረጣሉ፣ አፈሩ በመኪና ተረግጦ ይጠጥራል፤ ከዚያ ችግኝ ይገዛል! ዛፎቹ ንድፉ ሳይጀመር ካርታ ላይ ይስፈሩ።

ማታ ደግሞ መስታወት ጥቁር መስተዋት ይሆናል፤ ውስጡ በርቶ ውጪው ሲጨልም የሚታየው የራስ ምስል ብቻ ነው፣ መንገደኛው ግን ሁሉን ያያል። የውስጡን መብራት ቀንሶ ዛፎቹ ሥር ለስላሳ መብራት ማኖር ይሻላል። የኤሌክትሪኩ መስመር ግቢው ከመነጠፉ በፊት ይቀበር።