ድሬንና ሐረርን በፊልም ካሜራ፦ ለጥላው ለኩ

ለእረፍት ወደ ድሬዳዋ ልትሄዱ ነው? የፊልም ካሜራ ይዛችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ከፀሐይዋ ጋር ተስማሙ። እኔ ተወልጄ ያደግኩት እዚያው ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ነው። አሁን አዲስ አበባ ብኖርም እረፍቴን የማሳልፈው እዚያው ቤተሰብ ዘንድ ነው። አንገቴ ላይ የምትንጠለጠለው አጎቴ የሰጠኝ ዜኒት ኢ የምትባል ካሜራ ናት። ከበድ ትላለች፣ ባትሪ አትፈልግም፣ ሸተሯም (ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያስገባው መጋረጃ) ከ1/500 ሰከንድ በላይ አይፈጥንም። ይህችን የመጨረሻዋን ያዙልኝ፤ ፊልም ስንመርጥ እንመለስባታለን።

ድሬ ቆላ ናት፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ። ሐረር 1,885 ሜትር ላይ ስለሆነች ነፋሻ ናት። በመካከላቸው ያለው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሚኒባሱ የደንገጎን ዳገት እየተጠማዘዘ ወጥቶ ያደርሳችኋል። ስለዚህ ሁለቱንም በአንድ እረፍት ማየት ይቻላል። ወር መምረጥ ከቻላችሁ ታኅሣሥና ጥር ይሻላሉ፤ ሙቀቱ ቀለል ይላል። ታኅሣሥ 19 ግን ቁልቢ ገብርኤል ነው፤ በዚያ ሰሞን ከሆነ አልጋ ቀድማችሁ ያዙ።

ፊልም ለድሬ 200፣ ለሐረር 400 ያዙ፤ ቁጥሩ ሲበዛ ፊልሙ ያነሰ ብርሃን ይበቃዋል። ለምን መሰላችሁ? የብርሃን መለኪያ ለሌለው ሰው አንድ የቆየ ሕግ አለ። ጠራራ ፀሐይ ላይ የሌንሱን ቀዳዳ 16 ላይ አድርጉ (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፤ የሸተሩን ፍጥነት ደግሞ ለፊልሙ ቁጥር አቅርቡት። 200 ከሆነ 1/250፣ 400 ከሆነ 1/500 ማለት ነው። እንደ እኔዋ ዜኒት ያለ ካሜራ 400 ጎርሶ ድሬ ላይ ቀትር ከደረሰበት ጣሪያው ላይ ነው፤ ቀዳዳውን ከፍቼ ከሰውየው ጀርባ ያለውን ላደብዝዝ ብትሉ አይሆንም። 200 ትንሽ ያላውሳል። የሐረር ቀጫጭን መንገዶች ግን የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ጥላ ናቸውና 400 ይፈልጋሉ። እኔ ለቀለም ኮዳክ ጎልድ 200፣ ለጥቁርና ነጭ ኢልፎርድ ኤችፒ 5 እወዳለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ብርሃኑን ለጥላው ለኩ። ኔጋቲቭ ፊልም ብርሃን ቢበዛበት ይችላል፤ አንድ ሁለት ደረጃ ቢያልፍበትም ፎቶው ይወጣል። ሲያንሰው ግን ጥላው ውስጥ የነበረው ሁሉ ከፊልሙ ላይ የለም። የሌለውን ደግሞ የትኛውም ፎቶ ቤት አይመልሰውም።

ሐረር፣ በግንብ በታጠረው ጀጎል ውስጥ፣ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ላይ ቁሙና እዩት። ልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪናቸውን ደጃፍ ላይ አውጥተው ይሠራሉ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ እስከ ሰውየው ክርን ድረስ ትደርሳለች። እጁና የሚሰፋው ጨርቅ ያበራሉ። ፊቱ፣ ኮፍያው፣ ከኋላው የተሰቀሉት ድሪያ ቀሚሶች ጥላ ውስጥ ናቸው። መንገዱን በሙሉ ከለካችሁ መለኪያው 16 ይላችኋል። እሱን ካመናችሁ እጅ ብቻ ያለው ሰው ነው የምታገኙት። ጠጋ ብላችሁ ፊቱን ብቻ ለኩ። መለኪያ ከሌላችሁ ፍጥነቱን 1/500 ላይ ትታችሁ ቀዳዳውን ወደ 5.6 ክፈቱ፤ ደጃፉ ጠቆር ካለ 4 አድርጉት። ጨርቁ ይነጣል፤ ይንጣ። በምትኩ መነጽሩና በከንፈሩ የያዘው ስፒል ቁልጭ ብለው ይወጣሉ። እኔ ለዚህች ስፒል ስል ነው ፊልም የምገዛው።

ከዚያ በፊት ግን ሰላም በሉት። “አሰላሙ አለይኩም” ብላችሁ፣ ካሜራውን ዝቅ አድርጋችሁ፣ “ፎቶ ላንሳዎት?” በሉ። አይሆንም ካለ አመስግኖ ማለፍ ነው። እሺ ካለ ደግሞ አትቸኩሉ፤ እዚያ አገር የሚጣደፍ ሰው “አቦ ተረጋጋ!” ይባላል። በጥቅሉ ውስጥ 36 ፎቶ ብቻ ስለሆነ መረጋጋቱ ለእናንተም ይጠቅማል። ስልክ ቁጥሩን ተቀበሉና ፎቶው ሲታተም ላኩለት። ገበያ ላይ ያሉ እናቶችን በተለይ ሳትጠይቁ አታንሱ። ወታደር፣ ድልድይ፣ የጥበቃ ቦታ አታንሱ።

ለሚንቀሳቀስ ሰው ፎከስ ስታስተካክሉ ያመልጣችኋል። የዜኒቷ ሌንስ 58 ሚሊ ሜትር ነው። ፎከሱን 3 ሜትር፣ ቀዳዳውን 8 ላይ ካደረጋችሁት ከ2 ሜትር ተኩል እስከ 4 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ድረስ ያለው ሁሉ ጥርት ይላል። እንዲህ አዘጋጅታችሁ ጠባቡ መንገድ ላይ ጠብቁ። ሰዉ ራሱ ይመጣላችኋል።

የጀጎልን ግንብ ያሠሩት በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ናቸው። አምስቱን የጥንት በሮች በፀሐይዋ ተከተሏቸው። ኤረር በር ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ ጠዋት ይበራል። ሸዋ በር ወደ ምዕራብ ነውና ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ሂዱ። የሐረሪን ባህላዊ ቤት የሚያስገባችሁ ካገኛችሁ ጫማ አውልቁ። ቀይ የተቀባው መደብና በግድግዳው የተደረደሩት የሣር ስፌቶች ደስ ይላሉ፤ ብርሃኑ ግን ከበሩ ብቻ ነው የሚገባው። ቀዳዳውን 2፣ ፍጥነቱን 1/30 አድርጋችሁ፣ የበሩን መቃን ተደግፋችሁ፣ ትንፋሽ ይዛችሁ አንሱ። ማታ ሰው ጅብ ሲያበላ ለማየት ሂዱ፤ ፊልም ግን አታባክኑበት። ጅቦቹ ላይ የሚበራው የመኪና መብራት ለ400 ፊልም አይበቃውም።

ድሬ ላይ ቀናችሁን እንደ ከተማው ሰው ከፋፍሉት። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ቀፊራ ገበያና መጋላ ሰፈር። ቀትር ላይ ድሬ ራሷ ትተኛለች፤ እናንተም ተኙ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን የሰው ዓይን በቅንድቡ ጥላ ይሸፈናል፣ የሚረባ ፎቶ አይወጣም። 10 ሰዓት ላይ ወደ ከዚራ ተሻገሩ። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1902 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሐዲዱ ሲደርስ ነው፤ ባቡሩ የሐረርን ተራራ ሊወጣ ስላልቻለ ከሥር ቀረ። ከዚራን የቀየሱትም የምድር ባቡሩ ፈረንሳዮች ስለሆኑ መንገዶቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። የደቻቱን ወንዝ ተሻግራችሁ የምታገኙት መጋላ ደግሞ ይጠማዘዛል። የድሮው ባቡር ጣቢያ በር ላይ ጥበቃውን አስፈቅዱ፤ ፈቃድ ካገኛችሁ ጥቁርና ነጩን እዚያ ጨርሱት።

ፊልም ሙቀት ይጠላል። የቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት፤ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ቦርሳችሁ እምብርት ላይ አድርጉት። ደቻቱ ደረቅ ሲሆን ነፋሱ አሸዋ ያነሳል። ፊልም የምትቀይሩት ቤት ገብታችሁ ይሁን፤ አንዲት ቅንጣት አሸዋ ከገባች ጥቅሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ትጭረዋለች። አዲስ ፊልም ከጫናችሁ በኋላ ወደሚቀጥለው ፎቶ ስታዞሩ በግራ በኩል ያለው የመጠቅለያ ቁልፍ አብሮ መዞሩን እዩ። ካልዞረ ፊልሙ አልያዘም።

በአውሮፕላን ከተመለሳችሁ ያልታጠበ ፊልም ከሻንጣ ጋር አትላኩ፤ የሻንጣ ራጅ ይጎዳዋል። በእጃችሁ ይዛችሁ በእጅ እንዲፈተሽላችሁ ለምኑ። ፊልም የሚያጥብ ፎቶ ቤት አሁን እንደ ድሮው በየሰፈሩ የለምና ከመሄዳችሁ በፊት አጣሩ። በየጥቅሉ ላይ የከተማውን ስምና የፊልሙን ቁጥር በእስክሪብቶ ጻፉ። ጥቁርና ነጩንም ለብቻው ስጡ፤ የሚታጠብበት ኬሚካል ከቀለሙ ይለያል።