ለብስክሌት የሚሆን ግራሶ አመራረጥ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት ለሚወርድ ብስክሌት ግራሶ የሚገዛ ሰው፣ ከቀለሙ ይልቅ በቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን የውፍረት ደረጃና የግራሶውን ዓይነት ማንበብ ይኖርበታል። ለጎማዎቹ ሞዞ (በመሃላቸው በዘንግ ላይ ለሚሽከረከረው ክፍል)፣ ለፔዳልና ለመሪው ኩሽኔታዎች ደረጃ 2 የሆነ የሊትየም ግራሶ ይስማማል። ተራው የካልሲየም ግራሶ ውኃን በሚገባ ቢቋቋምም በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሚቀልጥ፣ ፔዳልን ወደ ኋላ በመርገጥ ለሚሠራ ፍሬን፣ ማለትም በረጅም ቁልቁለት እጅግ ለሚግለው የኋላ ሞዞ፣ አይመከርም። ዓይነታቸው የተለያዩ ግራሶዎች ሲደባለቁ ሊቀጥኑ ስለሚችሉ፣ አሮጌው በላምባ ታጥቦ ኩሽኔታው ከደረቀ በኋላ አዲሱ ይቀባል። ካቴናን ግራሶ መቀባት ግን፣ ብዙዎች የሚያደርጉት ቢሆንም፣ አቧራ ማጠራቀም ነው፤ ለእሱ ቀጭን ዘይት ይበቃዋል።