ማሌዥያ ባንክ ስትገቡ «ሁሉም ያው ነው» አትበሉ

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ከኩዋላ ላምፑር ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ያስቀመጥኩት ገንዘብ ዋስትና የለውም አሉኝ። ባንክ አይደለም እንዴ?» ምን ፈርመህ ነው አልኩት። «እኔ እንጃ፣ ቁጠባ መስሎኝ።»

እዚያ ከተማ ባንክ ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። «ቁጠባ መስሎኝ» የምትለውን ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አልቆጠርኩም። ትዕግስቴ ስላለቀ ሰው የሚሳሳትባቸውን አንድ በአንድ ልጻፍ። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አስቡልኝ።

የኢንቨስትመንት ሂሳብን ቁጠባ ነው ብሎ መፈረም። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ማሌዥያ ውስጥ ኢስላሚክ (ከወለድ ነፃ) ባንክ ገንዘባችሁን በሁለት መንገድ ይቀበላል። አንደኛው ተቀማጭ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በቀርድ (ያለ ወለድ ብድር) ወይም በታወሩቅ (ዕቃ ገዝቶ በመሸጥ) ውል። ዋናው ገንዘባችሁ አይነካም። ባንኩ ቢወድቅ እንኳ ፒአይዲኤም የሚባለው የተቀማጭ መድን ድርጅት በአንድ ባንክ እስከ 250,000 ሪንጊት ይከፍላችኋል። ሁለተኛው የኢንቨስትመንት ሂሳብ ነው፤ በሙዳራባ (የትርፍ ሽርክና) ወይም በወካላ (ውክልና)። እዚህ ላይ ነጋዴ ናችሁ። ሥራው ካተረፈ ትካፈላላችሁ፣ ከከሰረ ኪሳራው የናንተ ነው። ፒአይዲኤም ዞር ብሎም አያያችሁ።

ሰው የሚሳሳተው ድሮ እንዲህ ስላልነበረ ነው። እስከ 2013ቱ የኢስላሚክ ፋይናንስ አገልግሎት ሕግ ድረስ የሙዳራባ ሂሳብም እንደ ተቀማጭ ይቆጠር ነበር። ሕጉ ሁለቱን ለያያቸው። ባንኮቹም ደንበኞቻቸውን ወደ አንዱ ወይም ወደ ሌላው እንዲያዛውሩ እስከ 2015 አጋማሽ ጊዜ ተሰጣቸው። ከዚያ በፊት ተምሮ የተመለሰ ሰው ግን ዛሬም «ሙዳራባ ክፈት፣ የተሻለ ይሰጣል» እያለ ይመክራል። መካሪው በቅንነት ነው፤ ምክሩ ግን ጊዜው አልፎበታል።

አንድ ሰውዬ «ያለፈው ወር ይበልጥ ነበር፣ ቀሪውን የት አደረሳችሁት?» ብሎ መስኮት ላይ ሲጮህ ትዝ ይለኛል። የመስኮቷ ሠራተኛ ምንም ሳትናገር ወረቀቱን አወጣች። ፊርማው አለ። ፒአይዲኤም እንደማይሸፍነውም እዚያው በጉልህ ተጽፏል። ሰውዬው ዝም፣ እኛም ዝም። ሂሳቡ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ ግን እዚያ አይቀመጥም። ከመፈረማችሁ በፊት «ፒአይዲኤም ይሸፍነዋል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በቃ። (ታቡንግ ሐጂን ለምትጠይቁኝ፦ እሱ ባንክ አይደለም። የሐጅ ቁጠባ ተቋም ነው፤ በራሱ ሕግ ይተዳደራል፣ ለተቀማጩም ዋሱ መንግሥት ነው።)

ጣሪያው አንድ ከሆነ ባንኩም አንድ ነው ማለት። ሜይባንክና ሜይባንክ ኢስላሚክ በአንድ መስኮት ቢያስተናግዷችሁም ፈቃዳቸው ለየብቻ ነው። የመድን ሽፋኑም ለየብቻ ይቆጠራል፤ 250,000 እዚህ፣ 250,000 እዚያ። የአንዱን ባንክ ሁለት ቅርንጫፍ ብታዳርሱ ግን ምንም አይጨምርም። የሂሳቡ ስም መጨረሻ ላይ ትንሽ የላቲን «አይ» (-i) ካያችሁ ኢስላሚክ ነው።

የሽያጭ ዋጋውን አይቶ መደንገጥ። እዚህ ላይ እኔም ተሳስቻለሁ። በታወሩቅ ቤት ስትገዙ ባንኩ ዕቃ፣ አብዛኛውን ጊዜ የፓልም ዘይት፣ ገዝቶ በዱቤ ይሸጥላችኋል። ከዚያ እናንተን ወክሎ ለሌላ ይሸጠዋል። ጥሬ ገንዘቡ ለቤቱ ይከፈላል። ዘይቱን በዓይናችሁ አታዩትም። ቡርሳ ሱቅ አል ሲላ የሚባል፣ በ2009 የተከፈተ የኤሌክትሮኒክ ገበያ አለ፤ ሁሉም እዚያ ቶሎ ያልቃል።

ውሉ ላይ የሚሰፍረው የሽያጭ ዋጋ በጣሪያ ተመን የተሰላ ነው። 300,000 ሪንጊት ለ30 ዓመት፣ ጣሪያው 10 በመቶ ቢሆን፣ ዋጋው 947,800 ገደማ ይሆናል። የሚሠራበት ተመን 4 በመቶ ከሆነ ግን በወር የምትከፍሉት 1,432 ገደማ ነው፤ ተደምሮ 515,600 ቢሆን ነው። ልዩነቱን ባንኩ ኢብራእ ብሎ ይተወዋል። ቀድማችሁ ዘግታችሁ ብትወጡም ኢብራእ አለ፤ ማዕከላዊ ባንኩ ባንክ ነጋራ በ2011 ግዴታ አድርጎታል። ይህን ሳላውቅ በመጀመሪያ ዓመቴ አንድ ወዳጄን «ሦስት እጥፍ ሊበሉህ ነው፣ እንዳትፈርም» አልኩት። አመነኝ። ቤቱን ሌላ ሰው ገዛው። እስከ ዛሬ ቡና ስንጠጣ ያነሳብኛል።

ወለድ ስለሌለ ክፍያዬ አይንቀሳቀስም ማለት። ይንቀሳቀሳል! ሌሎቹ ባንኮች የሚከተሉት የባንክ ነጋራ የፖሊሲ ተመን በ2020 ወደ 1.75 በመቶ ወርዶ ነበር። በሜይ 2023 3 በመቶ ደረሰ። በጁላይ 2025 ወደ 2.75 ዝቅ አለ። ውላችሁ ተለዋዋጭ ተመን ከሆነ ኢስላሚክም ሆነ መደበኛ አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል። ኢስላሚኩ ከዚያች ጣሪያ አያልፍም።

የመኪና ተመንን ከቤት ተመን ጋር ማወዳደር። የመኪናው «3 በመቶ» ፍላት የሚሉት ተመን ከሆነ ከመጀመሪያው ገንዘብ ላይ ነው የሚታሰበው፣ እየቀነሰ ከሚሄደው ዕዳ ላይ አይደለም። ለአምስት ዓመት ከሆነ እውነተኛው 5.6 በመቶ ገደማ ነው።

ኢስላሚክ ባንክ ለሙስሊም ብቻ ነው ማለት። አይደለም። ወረፋውን ቆማችሁ ተመልከቱት።

መቀጮ የለም ብሎ ክፍያ ማዘግየት። ታዊድ የሚባል ካሳ አለ። ገራማ የሚባል ቅጣት ካለም ባንኩ አይበላውም፤ ለበጎ አድራጎት ይሄዳል። ከኪሳችሁ መውጣቱ ግን አይቀርም።

ከአዲስ አበባ ለልምድ ልውውጥ ሄዶ ቅጽ ኮፒ አድርጎ መመለስ። እኛ አገር በ2011 በመደበኛ ባንክ ውስጥ ከወለድ ነፃ መስኮት፣ በ2019 ደግሞ ሙሉ ከወለድ ነፃ ባንክ ከተፈቀደ፣ ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮችም በ2021 ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ጠያቂ በዝቶልኛል። ደስ ይለኛል። ፍላሹን ሞልቶ የሚመለሰውን ሳይ ግን እናደዳለሁ። ገበያው የሌለበት የታወሩቅ ቅጽ ምን ይሠራል? ከቅጹ ጀርባ እኮ በ1997 የተቋቋመ ብሔራዊ የሸሪዓ አማካሪ ምክር ቤት አለ። ውሳኔው በፍርድ ቤት ላይ አስገዳጅ እንዲሆን የ2009 ሕግ ደነገገ። ጉዳዩ በ2019 ፌዴራል ፍርድ ቤት ደርሶ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ነው የጸናው። ደግሞም ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ (የሃይማኖቱ ሕግ) አካዳሚ በ2009 ሻርጃ ላይ ባንኮች የሚያደራጁትን ታወሩቅ አይፈቀድም ብሏል። ኩዋላ ላምፑር ያለፈው ሁሉ አዲስ አበባ ያሉትን ዑለማ ያሳምናል ብላችሁ አትሂዱ። ማሌዥያዎቹም ቢሆኑ የሐጅ ቁጠባውን በ1963፣ ባንክ ኢስላምን በ1983፣ መስኮቱን በ1993 ነው የጀመሩት። ከባንኩ ወደ መስኮቱ ነው የሄዱት፤ እኛ ተቃራኒውን ነው የተጓዝነው። ቅጹ ይህን አይነግራችሁም።

የባንክ ካርድ ማዋስ። ማሌዥያዎቹ እንዲህ ያለውን ሂሳብ «አካውን ከልዳይ» ይሉታል፣ የአህያ ሂሳብ። አንድ ተማሪያችን ካርዱን ከነምስጢር ቁጥሩ ለ«ጓደኛ» አከራየ። የተጭበረበረ ሰው ገንዘብ በሂሳቡ አለፈ። ሂሳቡ ታገደ፣ ፖሊስም ጠራው። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ምንም አላደረግኩም» አለኝ። እዚያ አገር ጫኙም አህያውም ይጠየቃሉ። የተጭበረበራችሁት እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ በማጭበርበር ጥቆማ መስመሩ 997 ደውሉ። ለእኔ በኋላ ትደውላላችሁ።