በሂማላያ መንደሮች በእግር ስትጓዙ የመንደሩን ትምህርት ቤት እንዴት መደገፍ ትችላላችሁ?

ዳይሬክተሩ ቁምሳጥኑን ከፈቱልኝ። ላይኛው መደርደሪያ የእስክሪብቶ ካርቶን ሞልቶታል፤ ግማሹ ቀለሙ ደርቋል። ከሱ በታች በእንግሊዝኛ የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት አሉ። ስለ ባቡርና ስለ ውቅያኖስ ያወራሉ፤ የመንደሩ ልጆች ሁለቱንም አይተው አያውቁም። ከታች ደግሞ ፊኛና ተለጣፊ ሥዕል። ሁሉንም ጥለውት የሄዱት መንገደኞች ናቸው። ዳይሬክተሩ ቁምሳጥኑን ቀስ ብለው ዘጉና "የሂሳብ መምህራችን ደመወዝ የሚያደርሰን እስከ ሦስት ወር ነው" አሉኝ። እኔም ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ፓኬት እስክሪብቶ ይዤ ነበር። አላወጣሁትም።

ያን ቀን ያየሁትን አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ ጉዞዬን በሌላ ቅደም ተከተል አደርገው ነበር። እዚህ የምጽፈው ያንን ቅደም ተከተል ነው። ቦታው ኔፓል ነው፤ ኤቨረስት የሚገኝበት ሶሉኩምቡ የሚባለው አካባቢ። ላንግታንግ ወይም ሄላምቡ ወደሚባሉት ሌሎች የኔፓል አካባቢዎች ብትሄዱም አካሄዱ ብዙ አይለይም።

መጀመሪያ ትምህርት ቤቱን፣ ከዚያ መንገዱን ምረጡ

አብዛኛው ሰው መንገዱን መርጦ ይነሳና ትምህርት ቤት ሲያጋጥመው ጎራ ይላል። ስለዚህ በዋናው መንገድ ዳር ያሉት ትምህርት ቤቶች እንግዳ ይበዛባቸዋል። ሁለት ሰዓት ዳገት የሚያስወጣው ግን ማንም አይደርስለትም።

በዚህ አካባቢ ትምህርት ቤትና ተራራ መውጣት የተያያዙት ድሮ ነው። ኒውዚላንዳዊው ኤድመንድ ሂላሪና ሸርፓ ከሚባለው ከአካባቢው ሕዝብ የሆነው ቴንዚንግ ኖርጌይ እ.ኤ.አ. ግንቦት 29 ቀን 1953 ኤቨረስት ጫፍ ላይ ወጡ። ከዓመታት በኋላ ሂላሪ የሸርፓ ሽማግሌዎችን ምን ላድርግላችሁ ብሎ ጠየቀ። ልጆቻችን ዓይን አላቸው፣ ግን አያዩም፤ ትምህርት ቤት ይሠራልን አሉት። ፊደል ያልቆጠረ ሰውን እኛም የምንገልጸው እንደዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ኩምጁንግ መንደር ላይ፣ 3,790 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሂላሪ ያቋቋመው ሂማላያን ትረስት የተባለው ድርጅት እስከ ዛሬ በአካባቢው ትምህርት ቤቶችን ይደግፋል። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ሂላሪ መጀመሪያ መጠየቁን ነው።

ኩምጁንግ ዛሬ ስሙ የታወቀ ነው፤ ብዙ ወዳጅ አለው። ስለዚህ እኔ የምመክረው ሶሉ የሚባለውን ዝቅ ያለውን የአካባቢውን ክፍል ነው። ከጂሪ ተነስቶ በባንዳር፣ በሴቴ፣ በጁንቤሲና በኑንታላ አድርጎ ወደ ሉክላ የሚያደርሰው የድሮው የእግር መንገድ እዚህ ያልፋል። ዛሬ አብዛኛው ተጓዥ ሉክላ ድረስ በአውሮፕላን ስለሚሄድ ይህን መንገድ ይዘለዋል። አሁን የጂፕ መንገድ እየገባበት ነው፤ አንዳንዱ ቦታ አቧራ አለው። መንደሮቹ ግን አሁንም እንግዳን በደስታ የሚቀበሉ ናቸው።

ከመነሳታችሁ በፊት ለትምህርት ቤቱ ወይም ለሚደግፈው ድርጅት ጻፉ። የውጭ ድርጅት ከሆነ በኔፓል የማኅበራዊ ደኅንነት ምክር ቤት በኩል እየሠራ መሆኑን ጠይቁ። ጥያቄያችሁ አንድ ይሁን፦ ዘንድሮ የጎደላችሁ ምንድን ነው? መልሱ "ምንም" ወይም "ሌላ ትምህርት ቤት ይብሳል" ከሆነም እመኑት።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ጎብኙ፣ ከልጆች ጋር ዋሉ የሚል ግብዣ ከመጣ እምቢ በሉ። በኔፓል ማሳደጊያ ውስጥ ያሉ ልጆች አብዛኞቹ ወላጅ አላቸው። ትምህርት እናስተምርላችኋለን ተብሎ ከሩቅ መንደር የተወሰዱ ብዙ ናቸው። የጎብኚ ገንዘብ ይህን ንግድ ያቆየዋል። ልጁ እናቱ ጋ ሆኖ የሚማርበትን የመንደር ትምህርት ቤት መደገፍ ግን ልጁን ቤቱ ያቆየዋል።

ትምህርት ቤቱ ክፍት የሆነበትን ጊዜ እወቁ

ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ሰማዩ ጠርቶ ተራራው ቁልጭ ብሎ የሚታየው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ህዳር ነው። ደሻይን የሚባለው ትልቁ በዓላቸውም እዚያው መስከረምና ጥቅምት ላይ ይውላል። እንደ እኛ ፋሲካ ሁሉም ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል፤ ትምህርት ቤት ይዘጋል። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ደግሞ ቲሃር የሚባለው በዓል ይመጣል። ስለዚህ ከቲሃር በኋላ ያለውን ጊዜ ያዙ። ከዚያ ብትዘገዩ ከፍታው ላይ ያሉት ትምህርት ቤቶች በብርዱ ወራት ይዘጋሉ።

ሌላው አማራጭ ሚያዝያና ግንቦት ነው። የኔፓል አዲስ ዓመትም የትምህርት ዘመንም የሚጀምረው በእኛ ሚያዝያ መጀመሪያ ነው። እነሱም እንደኛ የራሳቸው ዘመን አቆጣጠር አላቸው፤ የእነሱ ግን ወደፊት የሄደ ነው፣ ከ2080 አልፏል። ደብዳቤ ላይ የምታዩት ቀን ግራ እንዳያጋባችሁ። የሳምንቱ ዕረፍት ደግሞ በልማድ ቅዳሜ ነው። እሑድ ትምህርት መኖር አለመኖሩን ጠይቁ።

ቪዛና ፈቃድ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ካትማንዱ ኤርፖርት ደርሶ ቪዛ ማግኘት አይችልም። ኔፓል ይህን ከማትፈቅድላቸው ጥቂት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። አስቀድማችሁ በኔፓል ኤምባሲ በኩል ጨርሱ። የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ፓስፖርት ያላችሁ እዚያው ትወስዳላችሁ፤ ለ30 ቀን 50 ዶላር ነው። የቱሪስት ቪዛ በነፃም ቢሆን ሥራ መሥራት አይፈቅድም፤ "ሁለት ሳምንት ላስተምር" ማለት በዚህ ቪዛ አይሆንም።

መንገድ ላይ የጥበቃ አካባቢና የፓርክ ፈቃድ ይጠየቃል። ኤቨረስት ያለበት የሳጋርማታ ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ለውጭ ሰው 3,000 የኔፓል ሩፒና ቫት ነው። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ የኔፓል ቱሪዝም ቦርድ ተጓዦች ፈቃድ ያለው አስጎብኚ እንዲይዙ ደንግጓል። ኩምቡ የሚባለው ከፍ ያለው የሶሉኩምቡ ክፍል ደግሞ የራሱን የአካባቢ ፈቃድ ያስከፍላል።

አስጎብኚና ተሸካሚ ከአካባቢው ቅጠሩ

ግዴታ ባይሆን እንኳ ቅጠሩ። ለትምህርት ቤቱ የምታደርጉት ድጋፍ የሚጀምረው እዚህ ነው። የሶሉ ሰው ስትቀጥሩ የምትከፍሉት ገንዘብ የልጁ ደብተርና የደንብ ልብስ ይሆናል። አስጎብኚው ዳይሬክተሩን ያውቃቸዋል፤ ምናልባትም እዚያው ነው የተማረው። በሸርፓ መንደሮች ልጆቹ ቤት ውስጥ የሚናገሩት ሸርፓኛ ነው፤ በትምህርት ቤት ኔፓሊኛና እንግሊዝኛ ይማራሉ። ያለ እሱ ከወላጆች ጋር አትግባቡም።

ለተሸካሚው ከ20 እስከ 25 ኪሎ በላይ አትጫኑ። ጫማውን፣ ጃኬቱንና ኢንሹራንሱን ከመነሳታችሁ በፊት አረጋግጡ። ቀጭን ሸራ ጫማ አድርጎ ከመጣ ጉዞው አይጀመር፤ ወይ ድርጅቱ ይግዛለት ወይ እናንተ ግዙለት።

በዚህ መንገድ ላይ ወጣት ወንድ ለምን እንዳነሰ ብትጠይቁ መልሱ ኳታር፣ ዱባይ፣ ማሌዥያ ነው። ባሕረ ሰላጤ የሠራችሁ አንባቢዎች ከኔፓላውያን ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ሳትኖሩ አልቀራችሁም። እነዚያ በየወሩ ገንዘብ ሲልኩ ያያችኋቸው አባቶች ልጆቻቸው እዚህ ናቸው የሚማሩት። ይህን ለመንደሩ ሰዎች ብትነግሯቸው ጨዋታው ወዲያው ይደራል።

መንገዱ ላይ

ከካትማንዱ ጂሪ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ከዚያ በእግር ሉክላ አካባቢ ለመድረስ አንድ ሳምንት ገደማ ያዙ። ላምጁራ የሚባለው የተራራ ማለፊያ 3,530 ሜትር ነው፤ ጁንቤሲ ግን 2,700 ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ወይም ደሴ ለኖረ ሰው የሶሉ ሌሊቶች አይከብዱም። ከሉክላ ወደ ላይ ቀጥላችሁ ናምቼ ባዛር፣ 3,440 ሜትር፣ ስትደርሱ ግን "እኔ ደገኛ ነኝ" ብላችሁ አትሩጡ። ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበት ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር፤ በየሦስት አራት ቀኑ ዕረፉ። ራስ ምታቱ ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ መውጣት አቁሙ። ካልተሻላችሁ ውረዱ።

ምግቡ ዳል ባት ነው፤ ምስር፣ ሩዝ፣ አትክልት፣ ሲያልቅ ይጨመርላችኋል። በቀኝ እጅ ነው የሚበላው፤ እናንተ ምንም አትቸገሩም። የምትጾሙ ከሆነ ቅቤ እንዳይገባበት ንገሩ። ሻይ ቤት ውስጥ አንዲት እናት ጻምፓ ብላ ስታቀርብልኝ ቀምሼ ዝም አልኩ። የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው። በሶ! እኛም በሶ አለን ብዬ በአስጎብኚው በኩል ነገርኳት። ሳቀችና ሌላ ደገመችኝ።

ትልልቆቹ ማደሪያዎች ጋ ብቻ አትቁሙ። ትምህርት ቤቱ ባለበት መንደር እደሩ፣ እዚያው ብሉ። የአንድ ሌሊት ኪራይና እራት ወላጆች ኪስ ውስጥ በቀጥታ ይገባል። ማኒ የሚባለውን የጸሎት ጽሑፍ የተቀረጸበት የድንጋይ ካብ ስታገኙ ቀኝ እጃችሁ ወደ ካቡ ሆኖ እለፉ። በቅሎ ወይም ያክ የሚባለው ጭነት ተሸካሚ የተራራ ከብት ከመጣ ወደ ተራራው በኩል ተጠጉ፤ በገደሉ በኩል የቆመ ሰው ይገፋል።

ልጆች "እስክሪብቶ፣ ከረሜላ" እያሉ ይከተሏችኋል። አትስጡ። እጅ የዘረጋ ልጅ ሲሰጠው ነገ ከክፍል ቀርቶ መንገድ ዳር ይጠብቃል። "ናማስቴ" በሏቸው፣ ስማቸውን ጠይቁ፣ ስንተኛ ክፍል እንደሆኑ ጠይቁ። ትልልቆቹን ወንዶች "ዳይ"፣ ሴቶቹን "ዲዲ" ብላችሁ ጥሩ፤ ወንድም ጋሼ፣ እትዬ እንደማለት ነው።

ትምህርት ቤቱ ስትደርሱ

ቀጥታ ክፍል አትግቡ። ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሂዱ። ነጭ ሐር የመሰለ ካታ የሚባል ሻርፕ አንገታችሁ ላይ ያደርጉላችኋል፤ በሁለት እጅ፣ ዝቅ ብላችሁ ተቀበሉ። ሰልፍና ዘፈን ሊያዘጋጁላችሁ ከፈለጉ በትሕትና ከትምህርት ሰዓት ውጭ እንዲሆን ለምኑ። በዓመት 20 እንግዳ የሚመጣበት ትምህርት ቤት 20 ጊዜ ትምህርት ቢቋረጥ ማን ይጎዳል?

ልጅን ብቻውን ፎቶ አታንሱ። ካነሳችሁም የልጁን ስምና የትምህርት ቤቱን ስም አብራችሁ ኢንተርኔት ላይ አታውጡ።

ከዚያ ተቀምጣችሁ አዳምጡ። መንግሥት ለተፈቀዱት የመምህር ቦታዎች ደመወዝ ይከፍላል። ከዚያ በላይ መምህር ካስፈለገ መንደሩ ራሱ አዋጥቶ ይቀጥራል። የሂሳብ፣ የሳይንስና የእንግሊዝኛ መምህር ብዙ ጊዜ የሚጎድለው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2015 የደረሰው 7.8 የተመዘነ ርዕደ መሬት ወደ 9,000 ሰው ገደለ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶችን አፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተገንብቷል። እኔ ባየኋቸው መንደሮች የጎደለው ግድግዳ ሳይሆን ሰው ነው። ሕንፃ ላይ ስም ይጻፋል፣ ፎቶ ይነሳል፤ ደመወዝ ላይ ምንም አይጻፍም። ለዚህም ይመስለኛል ሰጪ የሚያጣው።

ገንዘቡን ስትሰጡ

ለአንድ ሰው እጅ አትስጡ፣ ዳይሬክተሩም ቢሆኑ። እኛ ወመህ እንደምንለው፣ እያንዳንዱ የሕዝብ ትምህርት ቤት ወላጆች ያሉበት የአስተዳደር ኮሚቴ አለው። ኮሚቴው ባለበት በሩፒ ስጡ፤ ወይም በትምህርት ቤቱ ስም ወዳለው የባንክ ሒሳብ አስገቡ። ለምን እንደሆነ በጽሑፍ ይስፈር፦ ለሂሳብ መምህር ደመወዝ፣ ለዚህን ያህል ወር። ማህተም ያለበት ደረሰኝ ጠይቁ። አያፍሩም፣ አይከፋቸውም፤ እንዲያውም ኮሚቴውን ያስከብረዋል።

ዕቃ ከፈለጉ ዝርዝሩን ተቀብላችሁ ሳሌሪ ከተማ ግዙ። የአካባቢው ነጋዴ ይጠቀማል፣ ትክክለኛው የኔፓል መማሪያ መጽሐፍም እዚያ ይገኛል።

ትንሽም ብትሆን ለሦስት ዓመት የምትቀጥል ገንዘብ አንዴ ከሚሰጥ ብዙ ትሻላለች። መምህሩ የሚመጣው ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ነው፤ ስድስት ወር ቆይቶ ደመወዙ የሚቋረጥ ከሆነ አይመጣም። መቀጠል ካልቻላችሁ ደግሞ ከመጀመሪያው "ለአንድ ዓመት ብቻ ነው" በሉ። እነሱም እንደዚያው ያቅዳሉ።

አገር ቤት ከተመለሳችሁ በኋላ ስልካችሁ ላይ የካቲት መጨረሻ ብላችሁ ማስታወሻ ሙሉ። የትምህርት ዘመናቸው ሚያዝያ ላይ ስለሚጀምር ዳይሬክተሩ መምህሩን አቆየዋለሁ ወይስ አሰናብተዋለሁ ብለው የሚጨነቁት በዚያ ሰሞን ነው።